ጋሽ ክንፈ በግማሽ ጸጉር ፋሲካን የዋሉ ጊዜ

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ! ዛሬ ልመሰክር ነው የወጣሁት፤ ግን መጀመሪያ አንድ ወንበር አቀብሉኝ። ተቀምጬ ነው የምናገረው። ተባረክ ወንድሜ፣ እዚህ ጋ አድርጋት። አትሳቁ እንጂ፣ ፓስተርን አስፈቅጄ ነው!

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ለማታውቁኝ ደረጀ እባላለሁ፤ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ጸጉር አስተካካይ ነኝ። እዚህ ካላችሁት ወንዶች የግማሻችሁን ፊት ባላውቅ ማጅራታችሁን አውቀዋለሁ። ፋሲካ ሊደርስ ሲል እዚሁ ቦታ ቆሜ መስክሬ ነበር፣ ታስታውሳላችሁ። ያን ቀን መች ተቀመጥኩ! ማይኩን ይዤ ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደድኩ፣ "ፍጹም ተፈውሻለሁ! ድካም የሚባል ነገር እኔ ዘንድ የለም! በዚህ ሳምንት ሥራዬ ላይ ታገኙኛላችሁ!" አልኩ። እናንተም እልልታውን አቀለጣችሁት። ዛሬ የመጣሁት ያንን ምስክርነት ላርም ነው። ጌታ ልቤን አድኖታል፣ ሃሌሉያ፣ እሷን አላርማትም! የማርመው እኔ ከራሴ የጨመርኩበትን ነው።

ከመጀመሪያው ልነሣ። ተወልጄ ያደግኩት እሪ በከንቱ ነው። የአራዳ ልጅ ነኝ ስል ደረቴን ነፍቼ ነበር፤ አሁንም ትንሽ ቀርታብኛለች፣ ጸልዩልኝ። ሥራ የጀመርኩት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ከአንድ ወንበር ጀርባ ቆሜአለሁ። ጌታን ሳላውቅ የማመልከው እጄን ነበር። "ፒያሳ ውስጥ እንደኔ እጅ ያለው ካለ አምጡልኝ" እል ነበር። ምላሴ ደግሞ ከመቀሴ እኩል ትሠራለች። ሙድ ሳልይዝበት ከወንበሬ የሚነሣ ሰው አልነበረም። ከሥራ ስንወጣ ከጀለሶቼ ጋር ወደ መጠጥ ቤት ነው። ባለቤቴ ሰናይት ጌታን ያገኘችው ከእኔ ስድስት ዓመት ቀድማ ነው። ስትጸልይልኝ እሰማታለሁ። "ለእኔ ከምትጸልዪ ለመብራት ጸልዪ፤ የኔ ማሽን የሚቆመው መብራት ሲጠፋ ነው" እላታለሁ። እሷ ዝም ብላ ትጸልያለች። ጌታ ይባርክሽ የኔ እህት፣ እዚያ ከኋላ ተቀምጠሻል፣ አይቼሻለሁ።

ከዚያ ድካሙ መጣ። መጀመሪያ ያወቅኩት ዳገቱ ላይ ነው። ከቤቴ ወደ ፒያሳ የሚያወጣውን ዳገት ልጅ ሆኜ በአንድ ትንፋሽ ነበር የምጨርሰው። አንድ ጠዋት ግማሽ ላይ ቆምኩ። ሰው እንዳያየኝ ብዬ ስልክ አውጥቼ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩ። "እሺ፣ እሺ፣ እየመጣሁ ነው" እላለሁ። ማንም የለም እኮ መስመሩ ላይ! በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ቦታ ቆምኩ። በወሩ እግሬ ማበጥ ጀመረ። ጋደም ስል ትንፋሽ ያጥረኛል።

ሰናይት እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች። መሣሪያውን ደረቴ ላይ አድርጋ ብዙ ከቆየች በኋላ፣ "በልጅነትዎ ጉሮሮዎን ያምዎት ነበር?" አለችኝ።

"ቶንሲል ነበረኝ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ነበረው።"

"ያ ነው ልብዎን የነካው። አንዱ ቫልቭ ጠቧል፣ መቀየር አለበት።"

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "ዶክተር፣ የምትገጥሙልኝ ኦሪጅናሉን ነው ወይስ የቻይናውን?" እሷ ሳቀች። እኔ ግን ከወንበሩ ለመነሣት የሰናይትን ትከሻ ያዝኩ።

ቀዶ ጥገናው ሊደረግልኝ ሁለት ቀን ሲቀር ሰናይት አልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ እጄን ያዘችኝ። "ደረጀ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያለ ቀልድ አነጋግረው" አለችኝ። ያለ ቀልድ! እኔን! አፌን ከፈትኩ፣ ቀልድ አልመጣልኝም። መጨረሻ ላይ "ጌታ ሆይ፣ ፈርቻለሁ" አልኩ። ጸሎቴ ይቺው ናት። የእናቴን ልቅሶ እንኳን በቀልድ ያለፍኩ ሰው ነኝ፤ በሕይወቴ የመጀመሪያዋ እውነተኛ ቃል ይቺ ሳትሆን አትቀርም። ያን ጊዜ ኢየሱስን ተቀበልኩ። ሸክም ከላዬ ሲወርድ ተሰማኝ። ክብር ለስሙ ይሁን! አሜን በሉ እንጂ!

ደረቴን ከፍተው፣ ቫልቩን ቀይረው፣ መልሰው ሰፉኝ። ስነቃ ዶክተሯ ቆማለች። "ቫልቩ ጎበዝ ነው፣ ይሠራል" አለች። "ሰውዬው ግን ገና ነው። ሦስት ወር እጅዎን ወደ ላይ ማንሣት የለም፣ ከባድ ነገር የለም። ድካም ይኖራል፣ ከበዛ ይንገሩኝ። እንዳይደብቁኝ።" እንዳይደብቁኝ ያለችውን አስምሩበት።

ወገኖቼ፣ ናፍቆት ታውቃላችሁ? እኔ ሰው ሲሞት ወይም ሲሄድ ብቻ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ቤት ስተኛ ሥራዬ ናፈቀኝ። የማሽኑ ድምፅ ናፈቀኝ። አልኮሉ ማጅራት ላይ ሲርከፈከፍ ሰው "እስስስ" የሚላት ነገር ናፈቀችኝ። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ክርክር፣ "ቀጣይ!" ማለት፣ ነጩን ጨርቅ አራግፎ አንገት ላይ ማሰር፣ ሁሉም ናፈቀኝ። እጄ ብርድ ልብሱ ላይ ተጋድማ አያታለሁ፣ አውራ ጣቴ ብቻዋን ትንቀሳቀሳለች። ሰናይት አንድ ቀን የሥራ ጋውኔን ከሱቅ አመጣችልኝ፣ ልታጥበው። "እንዳትነኪው!" ብዬ ጮህኩ። ትራስ ሥር አድርጌ አሸተዋለሁ፣ እንደ ሕፃን። እንባዬ ይመጣል። የምጠይቀው ሰው የለኝም እንጂ አንዲት ነገር ብቻ ነበረች ውስጤን የምትበላኝ፤ ከዚያ ወንበር ጀርባ ደግሜ እቆም ይሆን?

ጠያቂ ደግሞ ሞልቷል። ወተቱን አስቀምጦ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" የማይለኝ የለም። ከእንቁላል ጋር ተጣላሁ! ከኅብረታችን የሚመጡት ወንድሞች ደግሞ "እንዴት ነህ?" ይሉኛል። "ሰላም ነኝ፣ ጌታ ይመስገን!" እላለሁ። ከሄዱ በኋላ ግድግዳ ተደግፌ ወደ አልጋዬ እመለሳለሁ። አዲስ አማኝ ነኛ። ጌታ ፈውሶኝ ሳለ ደክሞኛል ብል እሱን ማሳማት መሰለኝ። ማንም እንዲህ አላስተማረኝም፣ እውነቱን ልናገር፤ ከራሴ ነው ያወጣሁት።

በዚህ መሃል የሱቁ ባለቤት ሰይፉ ደወለ። ሰይፉ ጎረምሳ ሆነን አብረን የጀመርን ጓደኛዬ ነው። "ደሬ፣ ወንበርህ ባዶውን ነው፣ ማንንም አላስጠጋሁበትም። ለፋሲካ ወረፋ ብቻ አንድ ሰው ላቁምበት?" አለኝ። ወንድሞቼ፣ ጨዋ ሰው ነው፣ ፈቃድ ነው የጠየቀኝ! እኔ ግን ሌላ ሰው ከወንበሬ ጀርባ ቆሞ ታየኝና ደሜ ፈላ። "ማንም አይቆምበትም! እኔ እመጣለሁ!" ብዬ ዘጋሁበት። ገና ስድስት ሳምንቴ ነው። በዚያው እሑድ ነው እዚህ መጥቼ የዘለልኩት። አያችሁ? ለእናንተ ከመሰከርኩ በኋላ መመለሻ አልነበረኝም። የደም ማቅጠኛ መድኃኒቴን እንኳን እንዳታዩብኝ በምላጭ ካርቶን ውስጥ ደብቄ ነበር የምይዘው።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። ቅዳሜ ሹር ዕለት ሰናይት በር ላይ ቆማ "ዶክተሯን ሳታናግር አትሄድም" ስትለኝ፣ "አንቺ እምነትሽ የት ሄደ?" አልኳት። ለእኔ ስድስት ዓመት የጸለየችውን ሴት! ባጃጁ ዳገቱን አወጣኝ። ስገባ ሱቁ ጢም ብሏል፣ አውደ ዓመት ነው። ሰው ሁሉ "እንኳን ማረህ!" ብሎ ተነሣ። ጋውኔን ለበስኩ። ወንበሬን ስነካት ልቤ፣ ያው አዲሷ ልቤ፣ በደስታ ዘለለች።

የመጀመሪያው ደንበኛዬ ጋሽ ክንፈ ናቸው። ጋሽ ክንፈ የማተሚያ ቤት ጡረተኛ ናቸው፣ ሰባን አልፈዋል። ሰፈራቸው ከፈረሰ ወዲህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖሩት። ለጸጉር ግን ሁለት አውቶቡስ ይዘው ፒያሳ ይመጣሉ። "እዚያ ብቆረጥ መስታወቱ ላይ የማየው ሰው ሌላ ነው" ይላሉ። ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ጾመኛ፣ ቤተ ክርስቲያን የማይለዩ። ያን ቀን ራሳቸው ላይ ቄጤማ አስረው ነው የመጡት። ፈትተው መስታወቱ ሥር አስቀመጧትና ተቀመጡ።

በቀኝ በኩል ጀመርኩ። ደህና ሄደ። ቀልድም ሞከርኩ። ወደ አናታቸው ስደርስ ክንዴ ከበደኝ። የደረቴ ስፌት ተወጠረ። ላብ በጀርባዬ ወረደ፣ ቀዝቃዛ ላብ። ማሽኑን ወደ ግራ ላዞር ስል እጄ አልነሣ አለችኝ። ታዛዥ የነበረች እጅ! ማሽኑን አጥፍቼ የማስተካክለው ነገር ያለ መስዬ ጥርሱን በብሩሽ መጥረግ ጀመርኩ። ጋሽ ክንፈ በመስታወቱ ያዩኛል።

"ደረጀ፣ ደከመህ እንዴ?"

"ኧረ በፍጹም ጋሼ! ሰላም ነኝ፣ ጌታ ይመስገን።"

"ሰላምህን መች ጠየቅኩህ? ደከመህ ወይ ነው የምልህ።"

ጥርሱን መጥረጌን ቀጠልኩ። ሽማግሌው ጨርቁ አንገታቸው ላይ እንዳለ ተነሡ። በቀኝ በኩል የተቆረጠ፣ በግራ በኩል ያላለቀ ራሳቸውን ይዘው ክንዴን ያዙና ወንበሬ ላይ አስቀመጡኝ። ሃያ አራት ዓመት ሰው ያስቀመጥኩበት ወንበር ላይ፣ በሥራ ሰዓት፣ ወረፋ ሞልቶ! ፊቴን በመስታወት አየሁት። አመድ መስሏል።

"ጋሼ" አልኳቸው ቀስ ብዬ፣ "ጉባኤ ፊት ቆሜ ተፈውሻለሁ ብያለሁ። ደክሞኛል ካልኩ ጌታን አሳፍረዋለሁ።"

ጋሽ ክንፈ እንደ መቆጣት አሉ። "እኔ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ አክፍዬአለሁ፣ እህል አልቀመስኩም። ትናንት ስሰግድ ነው የዋልኩት። አሁን ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ደክሞኛል! ይኸው አልኩ። ሰማዩ ተደፋ? ደግሞስ ጌታ ራሱ መንገድ አድክሞት ከጉድጓድ አፋፍ ቁጭ አላለም? ቁጭ ብሎ ከአንዲት ሴት ውሃ አልለመነም? ወይስ ይሄ እናንተ ዘንድ አይነበብም?"

ይነበባል ወገኖቼ! ሰናይት ስንት ጊዜ አንብባልኛለች! እኔ ሴትዮዋን እንጂ ድካሙን አላየሁትም ነበር። ጌታዬ ደክሞት ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ሊያየው በሚችል ቦታ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ስልክ የሚያወራ ሳይመስል ተቀመጠ!

"ደክሞኛል" አልኩ። "ጋሼ፣ በጣም ደክሞኛል።" ካልኩ በኋላ አልቅሼ አልቅሼ ሰው ፊት ተዋረድኩ፤ ግን ደስ የሚል ውርደት ነው። ሆስፒታል "ፈርቻለሁ" ያልኩ ቀን የተሰማኝ ያ ሰላም ተመለሰ። ያው ጌታ ነው! ፍርሃቴን የተቀበለ ድካሜን አይቀበልም ብዬ ማሰቤ ነው የገረመኝ። ሃሌሉያ!

ሰይፉ ሬዲዮኑን ዘጋ። እኔ እዚያው ወንበሬ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ሱቁ ያንኑ ያህል ሰው አለበት፣ ግን በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት። የአራዳ ሰው በሹክሹክታ! ጋሽ ክንፈ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ፣ የግራ ጸጉራቸው እንደ በረሃ ቁጥቋጦ ቆሟል። ሰይፉ ልጨርስልዎት ቢላቸው አሻፈረኝ ብለዋል። "የጀመረው ይጨርሰው" አሉ።

"ጋሼ፣ ነገ እኮ ፋሲካ ነው! እንዲህ ሆነው?"

"ክርስቶስ ለመነሣት የእኔን ጸጉር አይጠብቅም" አሉኝና ቄጤማቸውን መልሰው አሰሩ፣ ባርኔጣቸውን ከላይ ደፉበትና ወደ አውቶቡሳቸው ሄዱ።

ማክሰኞ ዶክተሯ ዘንድ ሄድኩ። "እንዴት ነዎት?" አለችኝ። "ደክሞኛል" አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ቀና አለች። መረመረችኝ፣ ደም አስወሰደችኝ። ደሜ አንሷል፣ ውሃም ቋጥሬአለሁ። መድኃኒት ጨመረችልኝ። "ሁለት ሳምንት ዘግይተው ቢመጡ ኖሮ የምናወራው ሌላ ነበር" አለችኝ። ወገኖቼ፣ ያቺን "ደክሞኛል" የምትል ቃል ባልናገር፣ ያ ሽማግሌ ባያስቀምጠኝ፣ ዛሬ እዚህ አልነበርኩም። የጌታን ፈውስ በሐሰቴ ልቀብረው ነበር። "ሥራዬስ?" አልኳት። "ለአሁኑ እረፍት። እጅዎ ከትከሻዎ በላይ እስካልወጣ ድረስ፣ ተቀምጠው፣ ትንሽ ትንሽ ይሞክሩ" አለች። ተቀምጦ ጸጉር ማስተካከል! ፒያሳ ውስጥ ማን አይቶ ያውቃል? ቤቴ ገብቼ ጋውኔን አጣጥፌ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። አበቃ አልኩ።

በዳግም ትንሣኤ ዋዜማ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ሰናይት ከፈተች። ጋሽ ክንፈ! ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ ያው ግማሽ ጸጉራቸው! ሳምንቱን ሙሉ እንደዚያው ነበሩ። የልጅ ልጆቻቸው ስቀውባቸው ጠግበዋል። ማሽኔን ከሰይፉ ተቀብለው በፌስታል ይዘውልኝ መጥተዋል።

"ጋሼ፣ ዶክተሯ እጅህን አታንሣ ብላኛለች። አልችልም።"

"እጅህን አንሣ አልኩህ?" አሉ። "ሰናይት፣ የኔ ልጅ፣ በርጩማ አምጪልኝ።" በርጩማዋን አልጋዬ ሥር አድርገው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ዝቅ ብለው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መሬት ሊነኩ ምንም ሳይቀራቸው ተቀመጡ። ራሳቸው ጭኔ ላይ ደረሰ። እኔ አልጋዬ ላይ፣ ክንዴ ጉልበቴ ላይ አርፏል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው! እጄ መድረስ ያልቻለችበት ራስ ወደ እጄ ወረደ። ማሽኑ ሲበራ ያ ድምፅ፣ ስንት ሳምንት የናፈቀኝ ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ ሰናይት በሩ ላይ ቆማ ስታለቅስ እሰማታለሁ። ሦስት ጊዜ አረፍኩ። ሦስቱንም ጊዜ ጋሽ ክንፈ አልዞሩም፣ "በርታ"ም አላሉኝም፤ ዝም ብለው ጠበቁኝ። ሲያልቅ በእጃቸው ዳበሱትና "አሁን ፋሲካ ገባ" አሉ።

ዛሬ ሥራዬ ላይ ነኝ፣ ክብር ለጌታ! በቀን ሁለት ራስ፣ ደህና ቀን ከሆነ ሦስት። እኔ በወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ፣ ደንበኛው ፊቴ በርጩማ ላይ። የፒያሳ ልጆች "ንጉሡ ዘንድ ልንላጭ ነው" እያሉ ሙድ ይይዙብኛል፣ ይያዙ። ወንበሬን ማንም አልወሰደብኝም፤ እኔ ግን ከኋላው ቆሜ መዋል አሁንም ይናፍቀኛል። አልዋሽም። ዳገቱን ስወጣ ሦስት ቦታ እቆማለሁ፣ ስልኬን ግን ከኪሴ አላወጣም። ሰው ሲያልፍ "እንዴት ነህ?" ይለኛል። "ደክሞኛል፣ ጌታም አብሮኝ ቆሟል" እላለሁ።

ጋሽ ክንፈ እዚህ የሉም፣ በራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ግን ባሉበት ጌታ ይባርካቸው፣ አሜን በሉልኝ!

ወገኖቼ፣ አሁን ፓስተር ለጸሎት ሁላችንም እንቁም ይላል። ቁሙ፣ መልካም ነው። ነገር ግን እንደኔ "ሰላም ነኝ" እያለ ግድግዳ ተደግፎ የሚሄድ ሰው በዚህ ጉባኤ ውስጥ ካለ፣ በልቡ "ጌታ ሆይ፣ ደክሞኛል" ይበለውና አይነሣ። እኔም አልነሣም። አብረን ቁጭ እንበል፤ የሚያነሣን እሱ ያውቃል።